ከአይሁድ ማኅበረሰብ ፈንድ ድጋፍ እንዴት ይጠየቃል? ለሰሜን ሸዋ ማኅበራት

ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከመርሐቤቴ ወይም ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ባሕር ማዶ ላለ የአይሁድ ማኅበረሰብ ፈንድ የሚላክ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ገንዘቡን በሕጋዊ መንገድ ወደዚህ የሚያደርስ መስመር ሳይዘጋጅለት መላኩ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እዚያ ኮሚቴ ውስጥ ተነስቶ የሚከራከርላችሁ ሰው ጨብጦ የሚናገረው ቁጥር ማጣቱ ነው። የችግሩ ክብደት ብቻውን ገንዘብ አያስገኝም። በጠረጴዛው ላይ ያለው ማመልከቻ ሁሉ ከባድ ችግር የያዘ ነውና።

ገንዘቡ የማን ነው?

በአሜሪካና በካናዳ 140 ገደማ የአይሁድ ፌዴሬሽኖች አሉ። እያንዳንዱ የአንድ ከተማ ወይም አካባቢ ማኅበረሰብ ተቋም ነው። በየዓመቱ ከነዋሪው መዋጮ ይሰበስባል፤ በፈቃደኝነት የሚያገለግሉ ሰዎች የተቀመጡበት የድልድል ኮሚቴም ያከፋፍለዋል። ከዚህ ውስጥ ብዙው እዚያው ከተማ ላሉ ትምህርት ቤቶች፣ አረጋውያንና ችግረኛ ቤተሰቦች ይውላል። ወደ ውጭ የሚወጣው ድርሻ በአብዛኛው በሦስት ነባር አጋሮች በኩል ያልፋል፤ እነሱም በ1914 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና እኛ አገር «ጆይንት» በሚል ስም የሚታወቀው ድርጅት፣ የአይሁድ ኤጀንሲ እና ወርልድ ኦርት ናቸው።

ስለዚህ ለፌዴሬሽኑ ዋና ፈንድ በቀጥታ መጻፍ ለአንድ የወረዳ ማኅበር ጠባብ በር ነው። የሚሻሉት የጎን በሮች ናቸው። ብዙ ፌዴሬሽኖች በሥራቸው ወይም በአጠገባቸው ኮሚዩኒቲ ፋውንዴሽን አላቸው። ቤተሰቦች ገንዘባቸውን እዚያ ያስቀምጡና ለማን እንዲሰጥ ሐሳብ ያቀርባሉ። በአንዳንድ ከተሞች ለሴቶችና ለልጃገረዶች ሥራ ብቻ የሚሰጡ የአይሁድ ሴቶች ፋውንዴሽኖች አሉ። ምኩራቦችም በራቢው ወይም በማኅበራዊ ኮሚቴው የሚታዘዝ ትንሽ ፈንድ ይኖራቸዋል። ከእነዚህ የሚገኘው መጠን አነስተኛ ቢሆንም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክት ማኅበር ተዓማኒነቱን የሚገነባው በዚህ ነው።

ከመጻፋችሁ በፊት የፈንዱን የማመልከቻ መመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቡ። የምትፈልጓቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ከአገር ውጭ ይሰጣል ወይ? አይሁድ ላልሆነ ማኅበረሰብ ይሰጣል ወይ? ሳይጋበዙ የሚቀርብ ማመልከቻ ይቀበላል ወይ? አንዱ እንኳ «አይ» ከሆነ ወደ ሌላ እለፉ። በደብዳቤ ብዛት የሚለወጥ ነገር የለም።

ድልድዩን አስቀድማችሁ ሥሩ

አብዛኞቹ የአሜሪካ ፈንዶች የሚሰጡት በአገራቸው ሕግ አንቀጽ 501(ሲ)(3) መሠረት በጎ አድራጎት ተብሎ ለታወቀ ድርጅት ነው። የኢትዮጵያ ማኅበር ከዚያ ጋር እኩል መሆኑን በጠበቃ ማስመስከር ይቻላል፤ ነገር ግን ወጪው ለትንሽ ድጋፍ አያዋጣም። ቀላሉ መንገድ ፊስካል ስፖንሰር ማግኘት ነው፤ ማለትም እዚያ የተመዘገበ ድርጅት ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ተቆጣጥሮ ወደ እናንተ ይልካል። ለዚህም በተለምዶ ከድጋፉ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያስቀራል። ይህን ቅናሽ ከመጀመሪያው በበጀታችሁ ውስጥ አስገቡ፤ አለዚያ ቧንቧው መሀል መንገድ ላይ ያልቃል።

በውጭ ያሉ የሸዋ ተወላጆች የመሠረቷቸው የልማት ማኅበራት ለዚህ ሥራ ተስማሚ ናቸው። ሆኖም ዝምድና ማስረጃ አይሆንም። የማኅበሩን ሕጋዊ ሁኔታ የአሜሪካ የገቢ ግብር መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) ለሕዝብ በነፃ ከከፈተው መዝገብ ላይ ፈልጉ። ፎርም 990 የተባለውን ዓመታዊ መግለጫ ሦስት ዓመት በተከታታይ ያላቀረበ ድርጅት ዕውቅናው በራሱ ይሰረዛል፤ በቅን ልብ የሚሠሩ ትንንሽ የዲያስፖራ ማኅበራት ሳያውቁት በዚህ ምክንያት ተሰርዘው የሚገኙበት ጊዜ አለ። ከዚያ ውል ተፈራረሙ። ውሉ ገንዘቡ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚላክ፣ ማን ሪፖርት እንደሚያደርግ፣ ቅናሹ ስንት እንደሆነ በግልጽ ይናገር። ስፖንሰሩ በሕግ ገንዘቡን የማዘዝ ሥልጣን እንዳለው እወቁ። «በኩላችሁ ብቻ ይለፍልን» የሚል ደብዳቤ ብትጽፉ የፈንዱ ጠበቃ ያቆመዋል።

በቤታችሁ ያለው ወረቀት

በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ማኅበር ለመመሥረት ቢያንስ አምስት ሰው ያስፈልጋል። ከአንድ ክልል በላይ የሚሠራ ድርጅት የሚመዘገበው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው፤ በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ከሆነ የምዝገባውን ቦታ ከክልሉ ጠይቁ። ዕድርና ዕቁብ በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ ስለዚህ በዕድር ስም የውጭ ድጋፍ ከመጠየቅ ከተመዘገበ ድርጅት ጋር ተስማምቶ መሥራት ይሻላል። የሸክላ ወይም የሽመና ኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆናችሁ የምትተዳደሩት በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። ፈንዱም «ትርፍ ታከፋፍላላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ መልሱን የያዘውን አንቀጽ አስተርጉማችሁ አያይዙ።

አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ አዋጁ ይገድባል። በጀታችሁ ላይ 25 በመቶ ጽፋችሁ ብትልኩ ፈንዱ ባያስተውለው እንኳ ባለሥልጣኑ ያስተውለዋል። ውሃ፣ ጤና ወይም ትምህርት የሚነካ ሥራ ከሆነ ከሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የፕሮጀክት ስምምነት ያስፈልጋል። ስምምነቱ በዞን ወይስ በክልል ደረጃ እንደሚፈረም ደብረ ብርሃን የሚገኘውን የዞኑን ገንዘብ መምሪያ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጥቂት ቀናት የሚፈጅ ቢመስላችሁም ወራት ሊወስድ ይችላል። ማመልከቻውን ስትልኩ ቢያንስ የወረዳው ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ በእጃችሁ ይኑር።

ብዙ ሰው ንቆ የሚያልፈው የስም አጻጻፍ ነው። አንድ የቦርድ አባል በመታወቂያው አንድ ዓይነት፣ በቃለ ጉባኤው ትርጉም ሌላ ዓይነት፣ በባንክ ሒሳቡ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፍለታል። «ገብረ» እና «ወልደ» አንዴ ከሚቀጥለው ስም ጋር ተጣብቀው፣ አንዴ ተለያይተው ይገኛሉ። ፈንዶች የቦርድ አባላትን ስም ከእገዳ መዝገቦች ጋር ያመሳክራሉ፤ ባንኮችም የተቀባዩ ስም በአንድ ፊደል ቢለይ ገንዘቡን ሊመልሱት ይችላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ገጽ አዘጋጁ፤ የማኅበሩንና የእያንዳንዱን አባል ስም በአማርኛና በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ አጻጻፍ አስፍሩ፤ ከዚያ ወዲህ የሚጻፍ ሰነድ ሁሉ ከዚያ ገጽ ይቀዳ።

ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ነው። ሰኔ 30 ቀን 2016 የተዘጋ የኦዲት ሪፖርት «2016» ተብሎ ብቻ ከተላከ፣ እዚያ የሚያነበው ሰው የስምንት ዓመት አሮጌ ሰነድ እንደላካችሁለት ነው የሚረዳው። በእያንዳንዱ ቀን አጠገብ የአውሮፓውያኑን ጻፉ።

አንድ ምንጭ፣ በቁጥር

በዞኑ ደጋ ወረዳዎች ተደጋግሞ የሚጠየቀው የምንጭ ማጎልበት ስለሆነ፣ ማመልከቻ እንዴት እንደሚገነባ በእሱ እናሳይ። ሰፈሩ 212 አባወራና እማወራ፣ በአማካይ 5 ሰው በቤት፣ በድምሩ 1,060 ሰው አለው እንበል። «ሕዝቡ በውሃ ጥም እየተሠቃየ ነው» ብሎ መጻፍ ለኮሚቴው ምንም አያስጨብጥም።

የምንጩን መጠን በበጋው ማብቂያ፣ ውሃው በጣም በቀነሰበት ጊዜ ለኩ። ውሃውን በአንድ ቱቦ አሰባስባችሁ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ፤ በስልክ ሰዓት ቆጥራችሁ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። 40 ሰከንድ ከፈጀ ምንጩ በሰከንድ ግማሽ ሊትር፣ በቀን 43,200 ሊትር ይሰጣል። በአገራችን ለገጠር የተቀመጠው የሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መለኪያ በሰው በቀን 25 ሊትር በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነው። ለ1,060 ሰው 26,500 ሊትር ማለት ነው። ምንጩ ይበቃል።

ነገር ግን ሌሊት ማንም አይቀዳም። በ12ቱ የቀን ሰዓታት ብቻ የሚፈሰው 21,600 ሊትር በመሆኑ ወደ 5,000 ሊትር ይጎድላል። ለዚህ ነው የሌሊቱን ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ የሚያስፈልገው፤ 10 ሜትር ኩብ ቢሆን ጉድለቱን ሸፍኖ መጠባበቂያም ይተርፈዋል። አሁን ኮሚቴው ውስጥ ያለው ወዳጃችሁ «ማጠራቀሚያው ለምን? ቦኖ ብቻ አይበቃም ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይመልሳል። በክረምት የተለካ ምንጭ ግን ይህን ሁሉ ስሌት ያፈርሰዋል። በጋ ሲመጣ ቦኖው ይደርቃል፤ ያ ፈንድ ደግሞ ዳግመኛ ወደ ሰሜን ሸዋ አይመለከትም።

ንድፉ ላይ የሚረሱ ነገሮች አሉ፦ ከምንጩ በላይ የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ፣ የከብት መከላከያ አጥር፣ የትርፍ ውሃ መውጫ ቱቦ፣ ለከብት የተለየ ገንዳ። የትርፍ ውሃ መውጫ የሌለው የምንጭ ሳጥን ውሃው በግፊት ሌላ መንገድ ፈልጎ ከግንቡ ሥር ይወጣል፤ ምንጩም ቦታ ይቀይራል። ገንዳ ካልተሠራ ከብቱ አጥሩን ይጥሳል።

በጀቱን ዕቃ በዕቃ ጻፉት፦ ሲሚንቶ በኩንታል፣ አሸዋ በሜትር ኩብ፣ ቧንቧ በሜትርና በዲያሜትር፣ ማጓጓዣ በአይሱዙ ምልልስ። ደብረ ብርሃን ወይም ሸዋ ሮቢት ካሉ ነጋዴዎች ለእያንዳንዱ ዋና ዕቃ ሦስት ፕሮፎርማ ያዙ። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ዋጋው ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ሕዝቡ የሚያቀርበውን ድንጋይና ጉልበት በአካባቢው የቀን ሥራ ዋጋ ተምናችሁ በተለየ ዓምድ አስገቡ። ይህ ለሰጪዎቹ ትልቅ ትርጉም አለው፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሊቅ ማይሞኒደስ ከስጦታ ደረጃዎች የመጀመሪያውን ቦታ የሰጠው ሰው ራሱን እንዲችል ለሚያደርገው ነው፤ ይህ አስተሳሰብ እስከ ዛሬ በኮሚቴዎቹ ጥያቄ ውስጥ ይሰማል። «ከእናንተ በኋላ ማን ይጠግነዋል?» ይሏችኋል። የውሃ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ፣ ወርኃዊው ክፍያ፣ የመለዋወጫው ገንዘብ የሚቀመጥበት ሒሳብ መልሳችሁ ይሁን።

የምንዛሪ ተመኑንና የተወሰደበትን ቀን በበጀቱ ሥር ጻፉ። ሐምሌ 2016 ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የብሩ መጠን በዝቶ ሊታይ ቢችልም የሲሚንቶና የቧንቧ ዋጋም አብሮ ይነሳልና፣ ልዩነቱ ምን ላይ እንደሚውል አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ።

ደብዳቤው

መጀመሪያ የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ ሁለት ገጽ የማይሞላ የፍላጎት መግለጫ ደብዳቤ ነው። የመጀመሪያው አንቀጽ ብቻውን ቢነበብ እንኳ የሚበቃ ይሁን። ለምሳሌ፦ «በባሶና ወራና ወረዳ የሚኖሩ 1,060 ሰዎች ዓመቱን ሙሉ በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ንጹሕ ውሃ እንዲያገኙ አንድ ምንጭ ማጎልበት፣ 10 ሜትር ኩብ ማጠራቀሚያና ሁለት ቦኖ መሥራት እንፈልጋለን። ጠቅላላ ወጪው ይህን ያህል ነው፤ ሕዝቡ በድንጋይና በጉልበት ይህን ያህል ይሸፍናል፤ ከእናንተ የምንጠይቀው ይህን ያህል ነው፤ ሥራው በስድስት ወር ያልቃል።» ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የዚህ አንቀጽ ማስረጃ ነው። «ክቡራን ሆይ፣ ከአምላክ በታች ያለን እናንተ ብቻ ናችሁ» የሚለው አጻጻፍ እኛ ዘንድ የትሕትና ምልክት ቢሆንም፣ እዚያ ሲደርስ ሌላ ምንጭ የሌለው፣ ነገ የሚወድቅ ማኅበር መስሎ ይታያል።

የጸጥታውን ነገር አትደብቁ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ያለውን ግጭት ኮሚቴው ከዜና ያውቀዋል። መንገድ ሲዘጋ ዕቃው የት እንደሚቆይ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሪፖርቱ በማን በኩል እንደሚላክ፣ ሥራው ቢቆም ገንዘቡ በባንክ እንደሚጠበቅ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።

የድረ ገጽ ቅጽ ከሆነ መልሱን አስቀድማችሁ በሌላ ሰነድ ጻፉና ፊደል ቆጥራችሁ ገልብጡ። መብራት ሲጠፋ ግማሽ የተሞላ ቅጽ ይጠፋል።

ስለ ማንነት

በሰሜን ሸዋና በአዲስ አበባ ቀጨኔ በሸክላ፣ በሽመናና በብረት ሥራ የሚተዳደሩ፣ የቤተ እስራኤል ዘር ነን የሚሉ ማኅበረሰቦች አሉ። «ቡዳ» እየተባሉ ለዘመናት የተገፉ ናቸው፤ ታሪካቸውን በራሳቸው አፍ መናገር መብታቸው ነው። ማመልከቻውን የሚጽፈው ከእነሱ ወገን ከሆነ ማኅበረሰቡ ስለ ራሱ የሚለውን «እኛ እንዲህ እንላለን» ብሎ ያስቀምጠው፤ ከዚያ ያለፈ የምስክር ወረቀት አይፈብርክ። ያልሆነ ሰው ደግሞ ለገንዘብ ሲል «አይሁድ ነኝ» አይበል። ነውር ነው፤ ከነውሩም በላይ እውነተኞቹን ይጎዳል። የክርስቲያን ወይም የሙስሊም ሰፈር መሆናችሁን በግልጽ መጻፍ አይጎዳችሁም፤ ጆይንትም በኢትዮጵያ አይሁድ ላልሆነ ሕዝብ በውሃና በትምህርት ሠርቷል።

የበጎ አድራጎት ድጋፍ ከእስራኤል ጉዞ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም። ያንን የሚወስነው የእስራኤል መንግሥት ነው። «ስማችሁን እናስመዝግብ» ብሎ በየቀበሌው ከድሃ ብር የሚሰበስብ ሰው ካያችሁ አስቁሙት። ለማመልከቻ ከችግረኞች ገንዘብ የሚያስከፍል ትክክለኛ ፈንድ የለም።

ጊዜውና ባንኩ

ብዙዎቹ ፌዴሬሽኖች የበጀት ዓመታቸውን የሚጀምሩት በእ.ኤ.አ. ሐምሌ መጀመሪያ ነው፤ ከእኛ ጋር በሳምንት ብቻ ይለያያል። ድልድሉ በአብዛኛው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ይወሰናል። ስለዚህ ምንጩን ባለፈው በጋ ማብቂያ ለክታችሁ፣ ጥናቱን በኅዳርና በታኅሣሥ ጨርሳችሁ ደብዳቤውን በጥር ብትልኩ ትደርሳላችሁ። የአዲስ ዓመታቸው፣ የማስተሰረያውና የዳስ በዓላቸው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ በሦስት ሳምንት አካባቢ ይደራረባሉ፤ በዚያን ጊዜ መልስ ቢዘገይ አትደንግጡ። ዓርብ ማታ ፀሐይ ከጠለቀች እስከ ቅዳሜ ምሽት ስልክ አትደውሉ። የቪዲዮ ስብሰባ ሲቀጠር ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ የኒውዮርክ ጠዋት 9 ሰዓት እኛ ዘንድ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው።

የባንክ ቅጹ አይባን የተባለ ቁጥር ይጠይቃል። ኢትዮጵያ አይባን አትጠቀምም፤ ይህንኑ ጽፋችሁ የሒሳብ ቁጥሩንና የባንኩን ስዊፍት ኮድ ስጡ። የንግድ ባንክ ሒሳብ 13 አኃዝ ነው፤ አንድ ዜሮ ከጎደለ ገንዘቡ ሳምንታት ተንከራቶ ይመለሳል። መሀል ያሉ ባንኮች ክፍያ ስለሚቆርጡ የባንክ ወጪ የሚል መስመር በበጀቱ ይኑር። የስጦታውን ውል ቅጂ ለቅርንጫፋችሁ አስቀድማችሁ ስጡ፤ ገንዘቡ ሲደርስ ምንጩን መጠየቃቸው አይቀርም። ከግለሰብ ቤተሰብ 180፣ 360 ወይም 1,800 ዶላር ቢመጣ ተቀናሽ የተደረገበት አይምሰላችሁ፤ 18 በእነሱ ዘንድ «ሕይወት» የሚለው ቃል ቁጥር ስለሆነ ስጦታ በእሱ ብዜት መስጠት የተለመደ ነው።

ገንዘቡ ከገባ በኋላ

ለብቻው ሒሳብ ክፈቱ፤ ወጪው በሁለት ሰው ፊርማ ይሁን። አሸዋና ድንጋይ የሚሸጠው ገበሬ ደረሰኝ የለውም፤ ስለዚህ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ መጠኑን፣ ዋጋውንና ፊርማውን ወይም የጣት አሻራውን የያዘ የግዢ ማስረጃ አዘጋጁ፤ የቀበሌው ሰውም ይመስክርበት። የሥራውን ፎቶ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ሦስት ጊዜ አንሱ፦ ከመጀመሩ በፊት፣ መሀል ላይ፣ ሲያልቅ። የሕፃናትን ፊት ያለ ወላጅ ፈቃድ አትላኩ።

የአንዱ ዕቃ ዋጋ ንሮ ከሌላ መስመር ማዛወር ካስፈለጋችሁ፣ ውሉ ከሚፈቅደው ልክ በላይ ከሆነ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስፈቅዱ። ሥራው አልቆ ገንዘብ ቢተርፍም እንዲሁ ነው፤ መጠኑን አሳውቁ፣ ለምን ቢውል እንደሚሻል ሐሳብ አቅርቡ፣ መልሱ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ ግን አትንኩት።